እማዬ መሀል አስፋልት ላይ ሳለች

ባለፈው ክረምት ለሦስት ሳምንት አዲስ አበባ ነበርኩ። ብዙ ነገር አይቼ ደስ ብሎኛል። መንገዱ ሰፍቷል፣ የእግረኛ መሄጃው አምሯል፣ ማታ ማታ ከተማው ቦግ ብሏል። አንድ ነገር ግን ይኸው ቨርጂኒያ ከተመለስኩም በኋላ ያንገበግበኛል።

ከእማዬ ጋር ሳር ቤት አካባቢ ካለ ሐኪም ቤት ወጥተን ወደ ማዶ ልንሻገር ነበር። እማዬ 74 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል። ዜብራው ጋ ስንደርስ የእግረኛው መብራት ቀይ ነበርና ቆምን። አረንጓዴው ሲበራ እጇን ይዤ ገባን። ገና መሀል ሳንደርስ ጠፋ። ወዲያው ለመኪኖቹ በራና ከፊት የቆመው ሚኒባስ ሞተሩን አስጓራ። ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ «ማዘር፣ ፈጠን ይበሉ እንጂ!» አለ። እማዬ እጄን ጭምቅ አደረገችው። ልጅ ሳለሁ እንደዚያ አድርጌ የምይዛት እኔ ነበርኩ።

ከተሻገርን በኋላ «ይቅርታ ልጄ፣ አዘገየሁህ» አለችኝ። እሷ ምን አጠፋች? የገባችው በአረንጓዴ ነው።

በማግስቱ ብቻዬን ተመልሼ ሄድኩ። መንገዱ በእኔ እርምጃ 26 ነው፤ 20 ሜትር ገደማ። የእግረኛውን አረንጓዴ በስልኬ ያዝኩት፤ 12 ሰከንድ። አምስት ጊዜ ደጋገምኩት፣ አምስቱንም ያው 12። እማዬ በሰከንድ አንድ ሜትር ብትራመድ እንኳ 20 ሰከንድ ያስፈልጋታል፤ ያን ያህልም አትፈጥንም። ስምንት ሰከንድ ጎደለ ማለት ነው። ያቺ ስምንት ሰከንድ ናት እናቴን ሚኒባስ ፊት ያቆመቻት።

አሜሪካ ባለሙያዎቹ የሚሠሩበት መመሪያ አለ። የመሻገሪያ ጊዜ ሲያሰሉ እግረኛው በሰከንድ 3.5 ጫማ ይራመዳል ብለው ነው፤ ከአንድ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ሽማግሌና አሮጊት የሚበዛበት ሰፈር ከሆነ ፍጥነቱን ከዚያም ዝቅ ያደርጉታል። የመንገዱን ስፋት ለዚያ ሲያካፍሉት ሰከንዱ ይወጣል። በቃ፣ ይኸው ነው። በእግረኛው መብራት ላይ ብልጭ ድርግም የምትለዋ የእጅ ምስል ከጎኗ ቁጥር እየቆጠረች ትመጣለች፤ የገባህ ጨርስ፣ ያልገባህ ቆይ ማለቷ ነው። እኛ ጋ ምሰሶው ተተክሏል፣ መብራቱ ተገዝቷል፣ ገመዱ ተዘርግቷል። ትልቁ ወጪ ወጥቷል እኮ! የቀረው መብራቱን የሚቆጣጠረውን ሳጥን ከፍቶ የሰከንዱን ቁጥር ማስተካከል ነው። እሱን የሚያደርግ ሰው ማጣታችን ነው የሚያናድደኝ።

እዚህ ቤቴ አጠገብ ያለ መብራት ከሁለት ዓመት በፊት ተበላሽቶ ነበር። ሌሊት ከሥራ ስመለስ ወደ ግራ መታጠፊያው ቀይ ይይዘኛል፣ አይለቀኝም። መብራቱ ዙሩን ይጨርስና የእኔን ተራ ዘሎት ያልፋል። ወደሚመለከተው ቢሮ ደወልኩ። ያነሳችው ሴት «ከየት ወደ የት ስትታጠፍ ነው? ስንት ሰዓት ላይ ነው?» ብላ ጠየቀችኝና የአቤቱታ ቁጥር ሰጠችኝ። እውነት ለመናገር አልጠበቅኩም ነበር። በዘጠነኛው ቀን ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰ ሰው ጥግ ላይ ያለውን የብረት ሳጥን ከፍቶ፣ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሲሠራ አገኘሁት። መኪናዬን አቁሜ ጠጋ አልኩት። አስፋልቱን አሳየኝ። ለካ መኪና የሚቆምበት ቦታ ላይ በአራት ማዕዘን የተቆረጠች ቀጭን መስመር አለች፤ ውስጧ ሽቦ ተቀብሯል። መኪና ሲቆምባት ሽቦው ብረቱን ያውቅና ለሳጥኑ «ሰው መጥቷል» ይለዋል። የእኛው ሽቦ ተበጥሷል። እስኪጠገን ድረስ መኪና ኖረም አልኖረም መታጠፊያው በየዙሩ እንዲበራ አደረገው። ያን ሌሊት ቀይ ያዘኝ፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ለቀቀኝ።

አዲስ አበባ ስለ እማዬ ስምንት ሰከንድ ለማን ልደውል? የሰፈሩን ሰው ጠየቅኩ። ባለሱቁ፣ ሊስትሮው፣ የሐኪም ቤቱ ዘበኛ፣ ሁሉም መብራቱ እንደሚያጥር ያውቃሉ። ዘበኛው እንዲያውም «ክራንች የያዘ ሲመጣ እኔ ነኝ ወጥቼ መኪና የማቆመው» አለኝ። እግዜር ይስጠው። ሥራው ግን አይደለም።

ሌላው ያበሳጨኝ የትራፊኩ ነገር ነው። አንድ ቀን ከወንድሜ ጋር ወደ መገናኛ ስንሄድ አረንጓዴ በራልንና «ሂድ እንጂ» አልኩት። «እዚህ የምታየው መብራቱን ሳይሆን ትራፊኩን ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። መብራቱ አረንጓዴ፣ የትራፊኩ እጅ ደግሞ ቁሙ ይላል። የትም ሀገር ቢሆን የፖሊስ እጅ ከመብራት ይበልጣል። ግን ስድስት ደቂቃ ቆምን። ትራፊኩ በለቀቀው በኩል ሰልፉ ጥቅጥቅ ብሎ ሲሄድ በአንድ ረድፍ በየሁለት ሰከንዱ አንድ መኪና ያልፋል። ሰልፉ ካለቀ በኋላ ግን መኪናው አንድ አንድ እያለ ነው የሚመጣው፤ የተለቀቀለት ጊዜ በከንቱ ይባክናል። ስድስት ደቂቃ የታገደው የእኛ ሰልፍ ወደ ኋላ ተዘርግቶ የቀደመውን መስቀለኛ ይዘጋል። እዚያም ሌላ ትራፊክ ፊሽካ ይነፋል። ትራፊኮቹን አልወቅስም። በፀሐይ፣ በዝናብና በጭስ መሀል ቀኑን ሙሉ ይቆማሉ። ከቆሙበት ሆነው ግን የሚያዩት የራሳቸውን መስቀለኛ ብቻ ነው።

እንደ ፈረንጆቹ በ2012 ሰኔ መጨረሻ ላይ ዋሽንግተንና አካባቢውን ኃይለኛ ነፋስ መትቶ መብራት ለቀናት ጠፋ። እኔ ገና መንጃ ፈቃድ ማውጣቴ ነበር። ሰፊው መስቀለኛ ላይ ስደርስ የትራፊክ መብራቱ ድርግም ብሏል፣ ፖሊስ የለም። እንደ ሀገሬ መቆላለፍ ጠበቅኩ። ግን ሁሉም ይቆማል፣ ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ይሄዳል፣ ቀጣዩ ይከተላል። የቨርጂኒያ ሕግም ይህንኑ ያዛል፤ መብራት ሲጠፋ በየአቅጣጫው የማቆሚያ ምልክት እንዳለ ቁጠሩት ይላል።

ሰዎቹ ከእኛ የተሻሉ ናቸው ብዬ አላምንም። ማታ ሜክሲኮና መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ያየ ሰው እኔን ይረዳኛል። ፖሊስ ሳይኖር፣ ገመድ ሳይኖር፣ በዝናብ እንኳ ሕዝቡ ተራውን ጠብቆ ይቆማል። ጣልቃ የሚገባ ካለ ሰልፉ ራሱ ያስወጣዋል። ተራ ማወቅ እንግዲህ ከዚህ በላይ የት አለ? ያው ሕዝብ የመኪና መሪ ሲይዝ ለምን እንደሚቆላለፍ ሳስብ መልሴ አንድ ነው። የታክሲው ሰልፍ ላይ ተራው እንደሚደርሰው ያምናል፤ መብራቱን ግን አያምነውም። 12 ሰከንድ ሰጥቶ መሀል መንገድ ላይ የሚከዳን መብራት ማን ያምናል?

ባለፈው እሁድ ለእማዬ ደወልኩላት። ሐሙስ ለት ሐኪም ቤት ቀጠሮ ነበራት። «እንዴት ተሻገርሽ?» አልኳት። ዝም አለችና «ራይድ ጠርቼ» አለች። «ወደ ቤት?» «አይ ልጄ፣ ማዶ ታክሲ መያዣው ድረስ ብቻ። ዞሮ አደረሰኝ።»