ሬሳው ባይገኝስ ኖሮ?

የመጽሐፉን ስም አልጠራም። መጨረሻውን ስለምናገር፣ ያላነበባችሁት እንዳትረግሙኝ ብዬ ነው። የአሜሪካ የሕግ ትሪለር፣ ልብ አንጠልጣይ ልብ ወለድ ነው። ቴክሳስ ውስጥ አንድ ጥቁር ወጣት፣ የትምህርት ቤቱ የፉትቦል ኮከብ፣ አንዲት ነጭ ተማሪ ገድለሃል ተብሎ ሞት ተፈርዶበታል። የልጅቷ ሬሳ አልተገኘም። ዋናው ማስረጃ መርማሪዎች ለሰዓታት አስጨንቀው ያስፈረሙት የእምነት ቃል ነው። ቅጣቱ ሊፈጸም ጥቂት ቀናት ሲቀሩ፣ ሌላ ግዛት ውስጥ በአመክሮ የተለቀቀ አንድ በሽተኛ ሰው ፓስተር ቢሮ ይገባና «የገደልኳት እኔ ነኝ፤ የት እንደቀበርኳትም አውቃለሁ» ይላል።

ከዚያ በኋላ ሩጫ ነው። አይደርሱም። ልጁ በመርፌ ይገደላል። ሬሳው የሚገኘው ከዚያ ወዲያ ነው።

መጽሐፉ ከእጅ እጅ ዞሮ አራታችንም ጨርሰነው ስንገናኝ፣ ጨዋታው ወደ ጭቅጭቅ ለመዞር ጊዜ አልፈጀበትም።

የጀመረችው ነርሷ ናት። «ግማሹ ላይ ገደሉት እኮ!» አለች፣ ገና አሁን እንደሰማች ሁሉ። «እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ ላይ በመጨረሻዋ ደቂቃ ስልክ ይጮሃል፣ ልጁ ይተርፋል። እኔ ስልኩን እየጠበቅኩ ሞተ። ተናድጄ አስቀመጥኩት። ደግሞ አላስችል ሲለኝ አነሳሁት።»

ጠበቃው ሳቀባት። «ትሪለር መስሎሽ ነዋ። ስብከት ነው። ደራሲው ገና ከመጀመሪያው ገጽ ፈርዶ ጨርሷል። እስቲ ተመልከቺ፤ ዐቃቤ ሕጉ ከዳኛዋ ጋር ይተኛል። መርማሪው ውሸታም ነው። ገዥው ከምርጫ በቀር የሚያስበው የለም። የልጁ ጠበቃ ግን ጀግና፣ ልጁ ደግሞ መልአክ። እኔ ፍርድ ቤት ስውል እንዲህ በነጭና በጥቁር የተለየ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም።»

ጋሼ እስኪጨርስ ጠበቁት። ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። «እኔን ያበሳጨችኝ እናትየዋ ናት» አሉ። «ማለቴ፣ የእሷ አቀራረብ። ልጇን ያጣች ሴት ናት። ደራሲው ግን ለቴሌቪዥን የምታለቅስ አስመሳይ አድርጎ ሳላት። ለገዳዩ እንኳ ለእሷ ካሳየው የበለጠ ትዕግሥት አሳይቷል። የሞት ቅጣትን ለመቃወም የሟች እናት መሳቂያ መሆን አለባት?»

ነርሷ ለዚህ መልስ አልነበራትም። ሌላ በር ከፈተች። «እሺ ጋሼ፣ እናትየዋን ይተዉልኝ። ዋናው ነገር ግን ፈጠራ አይደለም። በትክክል ሆኗል።»

እዚህ ላይ እኔ ገባሁ፤ ጉዳዩን ሳነብ የከረምኩ ስለሆንኩ ዝም ማለት አልቻልኩም። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ የፈረንጆቹ ናቸው።) 1988 ላይ ኦስቲን ውስጥ አንዲት የፒዛ ቤት ሠራተኛ ተደፍራ ተገደለች። ክሪስቶፈር ኦቾአ የሚባል ወጣት ተያዘ። መርማሪዎቹ ካላመንክ በመርፌ ትሞታለህ እያሉ አስፈራሩት። አመነ። ጥፋተኛ ነኝ ብሎ በጓደኛው ላይም መሰከረ። ሁለቱም ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። እውነተኛው ገዳይ በሌላ ወንጀል እስር ቤት ነበር። እሱ ከ1996 ጀምሮ ደብዳቤ ይጽፍ ገባ። 1998 ላይ ያኔ የቴክሳስ ገዥ ለነበሩት ለጆርጅ ቡሽ ሳይቀር ጻፈ። ኦቾአ የተፈታው 2001 ላይ ነው፤ ዲኤንኤ ተመርምሮ። ጓደኛው ግን እስር ቤት ውስጥ ተደብድቦ አንጎሉ ተጎድቶ ነበር። ኦቾአ በኋላ ሕግ ተምሮ ጠበቃ ሆኗል።

«ያው በለኝ» አለች ነርሷ። «ሰውዬው ገደልኩ እያለ እየጻፈ የሚሰማው አጣ።»

«ግን አልተገደሉም» አለ ጠበቃው። «በመጨረሻ ወጥተዋል።»

«ቲሞቲ ኮልስ?» አልኩት። ኮል ቴክሳስ ውስጥ ሴት ደፍረሃል ተብሎ 1986 ላይ 25 ዓመት ተፈረደበት። የደፈረው ሰው 1995 ላይ እኔ ነኝ ብሎ ለባለሥልጣናት ጻፈ። ኮል ያኔ በሕይወት ነበር። 1999 ላይ በአስም እስር ቤት ሞተ፤ ሳይሰማ። ንጹሕ መሆኑን ዳኛ የተናገረው 2009 ላይ ነው፤ ገዥው ይቅርታ የሰጠው 2010 ላይ። የሞት ፍርደኛ አልነበረም፤ ሞት ግን አላመለጠውም።

ጠበቃው ትንሽ ዝም ካለ በኋላ ሌላውን አነሳ። መጽሐፉ ላይ የልጁ ጠበቆች የመጨረሻውን አቤቱታ ይዘው ሲደርሱ ፍርድ ቤቱ በሩን ዘግቶ ያገኙታል፤ በደቂቃዎች ዘግይተው። «ይኼ ለድራማ ካልሆነ በቀር ማን ያምነዋል?» አለ።

ነርሷ የጠበቀችው ይህንን ነበር መሰለኝ። ስልኳን አወጣች። 2007፣ ሴፕቴምበር 25። ማይክል ሪቻርድ የሚባል ፍርደኛ የሚገደልበት ቀን። በዚያው ጠዋት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በመርፌ መግደል ሕገ መንግሥታዊ ነው ወይ የሚለውን የኬንታኪ ግዛት ጉዳይ ለማየት ተስማማ። የሪቻርድ ጠበቆች ይህንኑ ይዘው ለቴክሳስ የወንጀል ይግባኝ ፍርድ ቤት አቤቱታ ሊያስገቡ ይጽፋሉ። ኮምፒውተር ተበላሸብን፣ ትንሽ ጠብቁን ይላሉ። የፍርድ ቤቱ ሰብሳቢ ዳኛ መልስ፦ 11 ሰዓት ላይ እንዘጋለን። ቴክሳስ ፍርደኞቿን በምትገድልበት በሁንትስቪል እስር ቤት ቅጣት የሚፈጸመው ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ነው። ሪቻርድ በዚያ ምሽት ተገደለ።

«እስቲ ቆይ» አለ ጠበቃው። አሁን ሙያው ተነክቷል። «ሪቻርድ እኮ ንጹሕ ነኝ እያለ አልነበረም ክርክሩ። የአገዳደሉ መንገድ ነው። ደግሞ ጉዳዩ በኋላ ሲመረመር ጠበቆቹም ተወቅሰዋል። ሌሎች ዳኞች ቢሯቸው ነበሩ፤ ወደ እነሱ መሄድ ይቻል ነበር። ሰብሳቢዋ ላይ ተላልፎ የነበረው ተግሣጽም ተሰርዟል።»

ልክ ነው፤ አልካድንም። ነርሷ ግን አልተበገረችም። «እኔ በሽተኛ መጥቶብኝ ‹ሰዓቴ ደርሷል› ብል ምን ትለኛለህ?»

ጋሼ ሳቁ። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። «እኔ የሞት ቅጣትን እደግፋለሁ፤ ታውቃላችሁ» አሉ። «ሕፃን ገድሎ የሚስቅ ሰው አለ። ለእንደዚያ ያለው አላዝንም። ግን አንድ ነገር ንገሩኝ። ልጁ ንጹሕ መሆኑ ከታወቀ፣ ሕጉ እንዴት አያስቆመውም?»

ጥያቄው የዋህ ይመስላል። መልሱ ግን ጠበቃውንም አሳፈረው። በ1993 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄሬራ በሚባለው የቴክሳስ ጉዳይ የወሰነውን አስረዳን። ችሎቱ በሥርዓት ከተካሄደ፣ በኋላ የተገኘ የንጽሕና ማስረጃ ብቻውን የፌዴራል ፍርድ ቤትን በር አያስከፍትም። ያኔ በቴክሳስ ሕግ በአዲስ ማስረጃ አዲስ ችሎት ለመጠየቅ የነበረው ጊዜ 30 ቀን ነበር። ለቀረው ምሕረት አለ ተባለ። ምሕረቱስ? የቴክሳስ ገዥ የምሕረት ቦርዱ ሐሳብ ካላቀረበለት ፍርዱን መለወጥ አይችልም፤ በራሱ ሥልጣን 30 ቀን ብቻ ማዘግየት ይችላል። የቦርዱ አባላት ደግሞ ሳይሰበሰቡ በፋክስ ድምፅ ይሰጡ የነበረበት ዘመን አለ።

«በፋክስ?» አሉ ጋሼ።

«በፋክስ።»

ጨዋታችን በዚህ አላበቃም፤ ግን ከዚህ በኋላ የተባለው ድግግሞሽ ስለሆነ ወደ ራሴ ፍርድ ልሂድ።

ጋሼ ስለ እናትየዋ ያሉት ትክክል ነው። ደራሲው በድሏታል። ጠበቃው ስብከት ነው ማለቱም አይጣልም። እኔ ግን መጽሐፉ ላይ ያለኝ ቅሬታ ከሁለቱም ይለያል። ሬሳው መገኘቱ ነው ያላስደሰተኝ።

ሬሳው ሲገኝ እኛ አንባቢዎች እፎይ እንላለን። ልጁ ሞቷል፤ ግን እውነቱ ወጥቷል። ማን ንጹሕ፣ ማን ክፉ እንደሆነ አውቀናል። ቁጣችንን የምንጥልበት ሰው አለን። በእውነተኛው ዓለም ይህ አይሆንም ማለት ይቻላል። ቴክሳስ ከ1982 ወዲህ ከ580 በላይ ሰዎችን ገድላለች። ሰውየው ሲሞት ክርክሩም አብሮ ይሞታል። ለሟች የሚከራከር ጠበቃ፣ መዝገቡን የሚከፍት ዳኛ በብዛት የለም።

ካሜሮን ቶድ ዊሊንግሃምን ውሰዱ። 1991፣ የገና ሰሞን፣ ኮርሲካና በምትባል ከተማ ቤቱ ተቃጥሎ ሦስት ሴት ልጆቹ ሞቱ። ሆን ብለህ አቃጠልክ ተባለ። ዕድሜ ልክ ተቀብለህ ጥፋትህን እመን ሲሉት እምቢ አለ። እዚህ ታሪክ ውስጥ የግድ ውሸታም መርማሪ አያስፈልግም። የእሳት መርማሪዎቹ የተማሩትን ነው የተናገሩት፦ የተሰነጣጠቀ መስታወትና ወለል ላይ ያለ የቃጠሎ ቅርጽ ተቀጣጣይ ፈሳሽ መፍሰሱን ያሳያል። ሳይንሱ ግን በኋላ ሌላ ነገር አለ። የጋለ መስታወት የእሳት አደጋ ውኃ ሲያርፍበት ይሰነጣጠቃል። ክፍሉ በአንዴ ሲቀጣጠልም ወለሉ እንዲያ ይሆናል። ይህንን የሚያስረዳ የባለሙያ ሪፖርት ከቅጣቱ ቀናት ቀደም ብሎ ለቦርዱና ለገዥው ደርሷል። የካቲት ላይ፣ 2004፣ ተገደለ። 2009 ላይ ግዛቱ ራሱ ያቋቋመው ኮሚሽን የቀጠረው ባለሙያ ሆን ተብሎ ተቃጥሏል የሚለው ድምዳሜ ሳይንሳዊ መሠረት የለውም አለ። 2010 ላይ አንድ ዳኛ ጉዳዩን ሊሰማ ችሎት ቢጀምር የበላይ ፍርድ ቤት አስቆመው።

እንግዲህ እዚህ ታሪክ ውስጥ ፓስተር ቢሮ የሚገባ ገዳይ የለም። እሳቱ አደጋ ከሆነ የሚናዘዝ ሰው ከየት ይመጣል? ዊሊንግሃም ደግሞ እንደ ልብ ወለዱ ልጅ የሚወደድ አልነበረም። ሚስቱን ይመታል ይባል ነበር። ግድግዳው ላይ የለጠፋቸው የሮክ ሙዚቃ ፖስተሮች እንኳ ፍርድ ቤት ቀርበው ባሕርዩን እንዲመሰክሩበት ተደርጓል። ለእንዲህ ያለው ሰው ማን ይሮጣል? ቴክሳስ ውድቅ በሆነ ሳይንስ ላይ የቆመ ፍርድ እንደገና እንዲታይ የሚፈቅድ ሕግ ያወጣችው 2013 ላይ ነው። ጥሩ ሕግ ነው። ለእሱ ዘጠኝ ዓመት ዘግይቷል።

ከመጽሐፉ የምወደው ክፍል ስለዚህ ሌላ ነው፤ ፓስተሩ ያንን በሽተኛ መኪናው ውስጥ አስቀምጦ ሌሊት ሲነዳ። በአመክሮ ያለን ሰው ከግዛት ማስወጣት ወንጀል መሆኑን ያውቃል። አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ደግሞ የሚታመን አይደለም። አንዴ እናገራለሁ ይላል፣ አንዴ ሐሳቡን ይቀይራል፣ መለመኑን የወደደው ይመስላል። ፓስተሩ እውነት ይሁን ውሸት ሳያውቅ ነው የሚነዳው፤ እኛም አብረነው አናውቅም። ደራሲው ስብከቱን የረሳበት ብቸኛ ቦታ ይህ ነው።

ይህንን ስነግራቸው ነርሷ አልተስማማችም። ሬሳው ባይገኝ መጽሐፉን ዳግመኛ ወርውሬ አላነሳውም ነበር አለች። ጠበቃው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእሷ ጎን ሆኖ፣ እንደዚያ ያለ ልብ ወለድ አይሸጥም አለኝ። ጋሼ የዊሊንግሃምን ስም ወረቀት ላይ አስጻፉኝ።