እጅ መንሻ ለሱባ

እኛ ሰው ቤት ባዶ እጃችንን አንሄድም። ዘመድ ስንጠይቅ ብርቱካን፣ ለቅሶ ስንደርስ እንጀራ። ይህ ወግ ከሰው ቤት አልፎ ጫካ መድረሱን አይቶ ያላመሰገነ ካለ ምቀኛ ነው። እሁድ እሁድ ወደ መናገሻ ሱባ ጫካ የሚጎርፈውን የከተማ እንግዳ ተመልከቱት። ጠዋት ሁለት እጁም ጀርባውም ሞልቶ ይገባል፤ ማታ እጁን እያወናጨፈ ይወጣል። ያመጣውን በሙሉ ሰጥቶ!

ሱባም ይገባታል። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ጫካ የጥድ ዘር አስመጥተው ሱባ ያለችበት ወጨጫ ተራራ ላይ አስተከሉ ይባላል። ጥዱ፣ ዝግባው፣ ወይራውና ኮሶው ይህን ሁሉ ዘመን ሲኖሩ አንድ ነገር ብቻ ጎድሏቸው ነበር፤ ጂፓስ።

ወደ ትንሿ ፏፏቴ የሚወስደው መንገድ አጭርና ቀላል ነው፤ ጢስ ዓባይን አስቦ የመጣ ግን ይከፋዋል። ውሃዋ መስከረምና ጥቅምት ላይ ደህና ትሞላለች፤ በጋው ሲገፋ ትቀጥናለች። ክረምት ላይ ዝናቡ የሚበረታው ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ማልዶ ገብቶ እስከ ምሳ መውጣት ነው። እንግዳችን ይህን ስለሚያውቅ 5 ሰዓት ላይ ቁርሱን ተረጋግቶ ይጨርሳል።

ጫማውም ታስቦበታል፤ ነጭ፣ አዲስ፣ ሶሉ ልሙጥ። ፏፏቴ ሥር ያለ ድንጋይ በርጭቱ እንደራሰ ይኖራል፤ ላዩን አረንጓዴ አልጌ ያለብሰዋል። እንግዳችን የሚቆመው እዚያው ላይ ነው። ውሃው ከጀርባው እንዲገባ ወገቡን ያዞራል፣ ክብደቱን አንድ ተረከዝ ላይ ይጥላል፣ ስልኩን ወደ ላይ ያነሣል። ከዚያ ተረከዙ ይከዳዋል። መጀመሪያ ስልኩ ይሄዳል፤ ባለቤቱ ስልኩን ሊቀልብ ይከተላል። ሁለት ክንድ ወደ ኋላ ብሎ ደረቅ መሬት ላይ ቢቆም ያው ፏፏቴ ፎቶው ውስጥ ይገባ ነበር፤ ግን ማን ላይክ ያደርገዋል?

ወደ እጅ መንሻው እንመለስ። ዋናው ሃይላንድ ነው። እንግዳችን ግማሹን ጠጥቶ ክዳኑን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋና ከጥዱ ሥር፣ ከኋላ በኩል፣ እንደ ሕፃን ቀስ አድርጎ ያስተኛዋል። መወርወር ነውር ነዋ! ክዳኑን ማጥበቁም ብልህነት ነው። የተዘጋ ሃይላንድ አየር ስለሚይዝ አይሰምጥም፤ ጎርፍ ሲመጣ እየተንሳፈፈ ወርዶ ኩሬው ላይ ከወንድሞቹ ጋር ይገናኛል። ክዳኑን ከፍቶ፣ ውሃውን ደፍቶ፣ በእግር ጠፍጥፎ መልሶ ቢዘጋው ግን መዳፍ ታህል ነበር፤ አራቱ በአንድ የቦርሳ ኪስ ገብተው ከተማ ይመለሳሉ። የሰጡትን መልሶ መውሰድ! ከሰው ልጅ አይጠበቅም።

ፌስታሉንም አይረሳም። በ2017 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ፌስታልን የሚያግድ አዋጅ ሲያጸድቅ ምስኪኑ መሸሸጊያ ያስፈልገው ነበር፤ ቁጥቋጦ ላይ ተሰቅሎ አግኝቷል።

ጉሬዛዎቹም ድርሻ አላቸው። ጉሬዛ ቅጠል በሊታ ነው፤ ሆዱ ክፍል ክፍል ሆኖ ቅጠሉን እያቦካ የሚፈጭ ነው። ብስኩትና ዳቦ ሲጨመርበት ቡኮው ይበላሻል። እንግዳችን ግን እንስሳ ሲራብ ማየት አይችልም። ችግሩ ጂፓሱ ከተከፈተ በኋላ ጉሬዛ የሚባል አለመታየቱ ነው፤ ሁሉም ጫፍ ለጫፍ ርቆ ሄዷል። «እንስሳ አለ ብለውን አልነበር እንዴ?» ይላል እንግዳችን፣ ድምፁን ጨመር እያደረገ።

የፍቅረኞች ስም ደግሞ በቢላ ይጻፋል። የዛፉ ምግብ ከቅጠል ወደ ሥር የሚወርደው ከቅርፊቱ ሥር ባለው ስስ ሽፋን ነው፤ በየሳምንቱ አንድ ጥንድ እየመጣ ዙሪያውን ከላጠው ዛፉ ይደርቃል። ፍቅራቸው ከዛፉ እንደሚበልጥ አንጠራጠርም።

ጥብሱን ሳናነሣ ብናልፍ ይቀየሙናል። ሲያበቁ ፍሙን አፈር ያለብሱታል፤ ምን የመሰለ ጨዋነት! አፈር የለበሰ ፍም ለሰዓታት ሳይጠፋ ይቆያል፤ ከሥሩ የደረቀ የጥድ ርጋፊ ካገኘ ውስጥ ለውስጥ ይጓዛል። ለማጥፋት ውሃ እያፈሰሱ በእንጨት ማገላበጥ፣ ደግሞ ማፍሰስ፣ መዳፍ ሲያስጠጉት ሙቀቱ እስኪጠፋ መደጋገም ነው። ግን ውሃው ተጠጥቶ አልቋል፤ ሹፌሩም ክላክስ እየነፋ ነው።

አውቶቡስ ውስጥ ፎቶ ይመረጣል። ከሁሉ ያማረው ላይ፣ ቀኝ ጥጉ ጋ፣ ሦስት ሃይላንድ ተንሳፎ ይታያል። እንግዳችን ጠርዙን በአውራ ጣቱ ገፋ ያደርግና ሦስቱንም ቆርጦ ያወጣቸዋል። በዚያ ቀን ከሱባ የተነሣው ቆሻሻ ይኸው ነው።