የመንገድ ቃል መዝገብ

አሜሪካ ከመጣሁ ወዲህ ከምቀናባቸው ነገሮች አንዱ ይሄ ነው፦ እዚህ የመንገድ ቃል እንኳ የልደት ቀኑ ይታወቃል።

«ኦኬ»ን እንውሰድ። ዛሬ አዲስ አበባም፣ ቴል አቪቭም፣ ዱባይም ሰው ሁሉ ይለዋል። በጽሑፍ ብቅ ያለው እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 1839 በቦስተን ሞርኒንግ ፖስት ጋዜጣ ነው። በዚያ ሰሞን ሆን ብሎ ፊደል እያሳሳቱ ማሳጠር ፋሽን ነበር። «ኦል ኮሬክት»፣ ማለትም «ሁሉም ትክክል ነው»፣ በተሳሳተ ፊደል ተጽፎ ኦኬ ሆነ። በዓመቱ ፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቢዩረን ለምርጫ ሲወዳደሩ፣ ደጋፊዎቻቸው በትውልድ ከተማቸው ስም «ኦልድ ኪንደርሁክ» አሏቸው። የዚህም ስም የእንግሊዝኛ መነሻ ፊደላት ኦ እና ኬ ናቸውና ቃሉ በዚያው ገነነ። ይህን ፈልፍለው ያወጡት አለን ዎከር ሪድ የተባሉ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ። ለሁለት ፊደል ብለው ያን ሁሉ አሮጌ ጋዜጣ አገላበጡ!

ዶላርን «ባክ» የሚሉትም ከአጋዘን ቆዳ ንግድ የመጣ ነው። እኛም በአሞሌ ጨው የተገበያየን ሕዝብ ነን።

ከሁሉም ልቤን የሚነካው ግን «ዎክ»፣ ማለትም «የነቃ»፣ የሚለው ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 አላባማ ውስጥ ዘጠኝ ጥቁር ልጆች ባልሠሩት ወንጀል ተከሰሱ። በ1938 ሊድ ቤሊ የተባለው ዘፋኝ ስለ እነሱ ዘፍኖ ሲያበቃ፣ በዚያ አገር የሚያልፉ ጥቁሮች እንዲነቁ አሳሰበ። ቃሉ የራስን ነፍስ ማዳኛ ነበር። ዛሬ ፖለቲከኞች መሰዳደቢያ አድርገውታል። መነሻው ግን በድምፅ ተቀርጾ ስላለ ማንም ሊሰርዘው አይችልም።

እኛ «ነቄ» አለን። ማን መዘገበው? አገር ቤት የአራዳ ቋንቋ የዱርዬ ቋንቋ ይባላል። አባቱን «ፋዘር» ያለ ልጅ ይገሰጻል። አራዳ እኮ ጊዮርጊስ አጠገብ ያለው የጥንቱ ገበያ ሰፈር ነው፤ ጣሊያን ገበያውን ወደ መርካቶ እስኪወስደው ድረስ አገሬው ሁሉ የሚገናኝበት። ብልጥ ሰው አራዳ የተባለው በገበያው ስም ነው። ገንዘብን ፈራንካ ስንልም የፍራንክን ስም ይዘን ቀርተናል። ይህ የከተማችን ታሪክ ነው። የዱርዬ ወሬ ነው ብሎ መጣል ያሳዝነኛል።

በደርግ ጊዜ ከአገር የወጡ ሰዎች ዋሽንግተን አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ካፌ ተቀምጠው ዛሬም የሚያወሩት የወጡበትን ዘመን የአራዳ ቋንቋ ነው። በቅርብ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ግማሹ አይገባውም። እዚያ የተረሳው እዚህ አለ። ግን ዕድሜያቸው እየገፋ ነው፤ እዚህ የተወለዱት ልጆቻቸው አማርኛውን ራሱ በስንት ልመና ነው የሚናገሩት። አጠገባቸው ቁጭ ብሎ «ይሄን ቃል የት ሰፈር ሰሙት? በስንት ዓመተ ምሕረት? እነማን ነበሩ የሚሉት?» ብሎ መጠየቅና መጻፍ ያለበት ሰው አሁን ነው የሚያስፈልገው።