የሞት ምክንያት፦ «ድንገተኛ»

ለቅሶ ቤት ገብተን «ምን አግኝቶት ነው?» ስንል አንዳንዴ የሚመለስልን «ድንገት ነው» የሚል ብቻ ነው። ከዚያ በላይ የሚጠይቅ የለም። ቤተሰቡን አልወቅስም። «ራሱን አጠፋ ከተባለ ፍትሐት ይከለከላል» ብሎ የሚሰጋ፣ የቀሩት ልጆች ስም እንዳይነሳ የሚፈራ ሰው ሌላ ምን ይበል?

ችግሩ ያቺ ቃል ከለቅሶ ቤት ወጥታ መዝገብ ውስጥ ስትገባ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ ከ720 ሺህ በላይ ሰዎች ራሳቸውን እንደሚያጠፉ ይገምታል። ለኢትዮጵያ የሚወጣው ቁጥርም ግምት ነው፤ እኛ ቆጥረን የደረስንበት አይደለም። የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ዛሬም ብዙ ሰው ሳይመዘገብ ይቀበራል። የውርስ ወይም የጡረታ ጉዳይ ካልመጣ የሞት ምስክር ወረቀት ፍለጋ ማን ወረዳ ይሄዳል?

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን በሕይወት የተረፈው ነው። ራሱን ለማጥፋት የሞከረ ሰው ድንገተኛ ክፍል ይደርሳል። ሐኪሞቹ ተረባርበው ያተርፉታል። መዝገቡ ላይ «መመረዝ» ተብሎ ሊያልፍ ይችላል። በስህተት ይሁን ሆን ብሎ፣ አይታወቅም። አንዴ የሞከረ ሰው ደግሞ ዳግም የመሞከር ዕድሉ ከሌላው በጣም ይበልጣል። በሳምንቱ ደውሎ «እንዴት ሰነበትክ?» የሚለው ሰው ያስፈልገዋል። ካልተጻፈ ማን ይደውልለታል?

ስሪላንካ ብዙ ሰው የሚገድሉትን የተባይ ማጥፊያዎች ለይታ አንድ በአንድ ከገበያ አስወጣች። ከ1995 እ.ኤ.አ. ወዲህ ራስን የማጥፋት መጠኑ በ70 ከመቶ ገደማ ወርዷል። የትኛው እንደሚገድል ካሳዩት ነገሮች አንዱ የሆስፒታል መረጃ ነው።

እኛም ከዜሮ አንነሳም። አዲስ አበባ ላይ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በየመቃብር ቦታው ሟቾችን አስመዝግበዋል፤ ሐዘኑ በረድ ሲልም ቤተሰብ ዘንድ ሄደው የሞቱን ምክንያት በእርጋታ ጠይቀዋል። ሰው በምስጢር ሲጠየቅ ይናገራል።

ብዙ ሰው «ከተጻፈ ፖሊስ ይመጣል» ብሎ ይፈራል። የወንጀል ሕጋችን ግን የሚቀጣው ሌላውን የገፋፋና የረዳን እንጂ የሞከረውን አይደለም። ይህን ለታካሚው የሚነግር ባለሙያ፣ «ሆን ተብሎ» የሚል አንድ መስመርም በድንገተኛ ክፍሉ መዝገብ ላይ ይኑር። ጤና ሚኒስቴር ይህን ለመጀመር ሌላ ጥናት መጠበቅ የለበትም።

ይህን እያነበባችሁ በዚህ ሐሳብ ውስጥ ያላችሁም ዛሬውኑ ለምታምኑት አንድ ሰው ንገሩ። አቅራቢያችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ሂዱ። አዲስ አበባ ከሆናችሁ አማኑኤል ሆስፒታል አለ።