«ይፈራሉ» የምትባል ማምለጫ

ባለፈው ሳምንት አንድ ሐኪም እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ በሚሰማ የአማርኛ ራዲዮ ቀርበው፣ እናቶቻችን የታመመ ጉልበታቸውን በቀዶ ሕክምና ለምን እንደማያስቀይሩ ተጠየቁ። «የእኛ ሰው ቢላ ይፈራል» አሉ። አዘጋጁ ሳቀ፤ ወደ ሌላ ጥያቄ ታለፈ።

የሚፈራ መኖሩን አልክድም። አማቴም ይፈራሉ። ግን ያልቀረበለትን ማዕድ «እምቢ ብሎ ነው» እያሉ ሰውን ማማት ምን ይባላል? ጥቁር የሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድን) ተጠቃሚዎች ጉልበት የሚያስቀይሩት ከነጮቹ ባነሰ መጠን መሆኑ ከ20 ዓመት በላይ ሲጻፍ የኖረ ነው። ከአላባማ እስከ ጎንደር ያለው ጥቁር ሁሉ ተማክሮ ነው የፈራው?

ነገሩ የሚበላሸው ራጁ ላይ ነው። ሐኪሙ ፊልሙን ያይና «ገና ነው፣ ብዙም አልተበላም» ብሎ ኪኒን ይጽፋል። ይህ «ገና» የሚለካበት መስፈርት እ.ኤ.አ. በ1957 ኬልግሬንና ሎውረንስ የተባሉ ሐኪሞች ያወጡት፣ ብሪታንያ ውስጥ የነጮችን መገጣጠሚያ እያዩ የሠሩት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ኔቸር ሜዲሲን በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ በወጣ ጥናት ተመራማሪዎች ኮምፒውተርን ራጅ እንዲያነብ አስተማሩት፤ የሐኪም ነጥብ ሳይሆን ሕመምተኛው ራሱ የተናገረውን የሕመም መጠን መነሻ አድርገው። ጥቁሮች ከሌሎች አብልጠው ከሚሰማቸው ሕመም የድሮው መስፈርት ማስረዳት የቻለው 9 በመቶውን ብቻ ነበር። ኮምፒውተሩ 43 በመቶውን አስረዳ። ያንኑ ፊልም አይቶ! ሌላ ምርመራ አልታዘዘም፣ ሌላ ደም አልተቀዳም። ጉዳቱ እዚያው ፊልሙ ላይ ተዘርግቶ ሳለ የሚያየው ጠፋ። 60 ዓመት ሙሉ «አጋንነሽ ነው» የተባለች ሴት ሁሉ ይቅርታ ይገባታል፤ እኛ ግን ጭራሽ «ፈሪ» የሚል ስም ጨመርንላት።

ሴት ካልኩ ዘንዳ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ የካናዳ ጥናት እኩል የጉልበት ሕመም ያለባቸው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ተመሳሳይ ታሪክ ይዘው 71 ሐኪሞች ዘንድ ቀረቡ። ለወንዱ 67 በመቶው ቅየራ መከሩ፤ ለሴቲቱ 33 በመቶው። እሷም ቢላ ፈርታ ይሆን?

አማቴ «ይቆረጥመኛል፣ ሌሊቱን ሲጠዘጥዘኝ ያድራል» ይላሉ። ቀጠሮ ላይ የሚያስተረጉምላቸው የ12 ዓመት የልጅ ልጃቸው ነው፤ «ያማታል» ብሎ ይገላገለዋል። ከ1 እስከ 10 ስንት እንደሚያማቸው ሲጠየቁ ደግሞ «ተመስገን ነው» ይላሉ። ተመስገን ስንት ቁጥር ነው?

የራዲዮው አዘጋጅ ለሚቀጥለው ፕሮግራም አማቴን ይጋብዝልን። ደረጃ መውጣት የሌለበት ስቱዲዮ ይፈልግ እንጂ።