ያልተነበበ 1000+

ስልክ ላይ ከሚጫኑ አፖች ሁሉ፣ ገና ሳትከፍተው የተማርክ የተመራመርክ የሚያስመስልህ እንደ ፊድ ሪደር ያለ የለም።

ምንድነው እሱ ለምትሉ ነገሩ ቀላል ነው፤ ብዙ ብሎግና ዌብሳይት ከጀርባው አዲስ የወጡ ጽሁፎችን ዝርዝር የያዘች አንድ ፋይል አለችው፣ አር ኤስ ኤስ ትባላለች፣ ኔትስኬፕ በ1999 ነው ያመጣት (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)፣ ፖድካስት የሚሰማውም ሰው አብዛኛው ሳያውቀው በሷ ነው ሚሰማው፣ እና ሪደሩ በየሰዓቱ እየዞረ «አዲስ ነገር አለ?» እያለ ያቺን ፋይል ያያል፣ ካለ ለቅሞ ያመጣልሃል። በቃ። ላይክ የለም፣ «ሊያውቋቸው የሚችሉ ሰዎች» የለም፣ ከአክስትህ ልጅ ሰርግ ፎቶ ቀጥሎ የሚሸጥ ኮንዶሚኒየም አይመጣም። አንተ የመረጥከው ብቻ፣ በወጣበት ሰዓት ቅደም ተከተል።

ይሄን የሚሰብክ ሰው ደግሞ ከጓደኞችህ መሀል አንድ አይጠፋም። ማኪያቶ እየጠጣህ «ፌስቡክ ሰለቸኝ» ካልክ አለቀልህ። «አንተ አሁንም አልጎሪዝም የሰጠህን ነው ምታነበው?» ይልና ስልክህን ተቀብሎህ ፌድሊ ወይ ኢኖሪደር ይጭንልሃል፣ እየጫነም የጎግል ሪደር ነገር ይነሳበታል። ጎግል በ2005 ጀምሮት ተጠቃሚው ቀንሷል ብሎ ጁላይ 1 ቀን 2013 የዘጋው ነው። ስንት ነገር የተዘጋባት አገር ላይ ቁጭ ብሎ ለሱ እስካሁን አልወጣለትም።

ለነገሩ እኛም አገር ሪደር የምር ስራ የሰራበት ጊዜ ነበር። ከ2006 ጀምሮ ብዙ ሰው ብሎጉን የሚጽፍበት ብሎግስፖት ታግዶ እምቢ ሲል፣ ኢንተርኔት ካፌ ገብተህ ብሎጉን ስትሞክር ገጹ አይከፈትም፣ ሪደር ግን ጽሁፉን የሚያመጣው በራሱ ሰርቨር በኩል ስለሆነ እዛው ውስጥ ተዘርግቶ ታገኘዋለህ፣ ደቂቃው እየቆጠረብህ፣ ኔትወርኩ እየተጎተተ፣ የካፌው ልጅ «ሰዓት ሞልቷል» እስኪልህ ድረስ አንድ መስመር ሳትዘል ትጨርሰዋለህ፣ ኮመንቱ ቢኖር ኮመንቱንም። በ2018 መንግስት 264 ድረገጽና ብሎግ ከፈትኩ አለ። እሰይ ተባለ። ጸሀፊዎቹ ግን ብዙዎቹ ፌስቡክና ቴሌግራም ገብተው ነበር፣ እኛም ተከትለናቸው። ተዘግቶ ሳለ በስንት መከራ ያነበብነውን ሲከፈት «በኋላ» አልነው።

እና ይሄ «በኋላ» የሚባለው ነገር ሪደር ውስጥ ቤት ተሰርቶለታል። አፑ የተጫነ ቀን ማታ ያለው ስስት ለብቻው ነው፤ ስነጽሁፍ የሚል ፎልደር፣ ቴክኖሎጂ የሚል፣ ጤና የሚል፣ ኢኮኖሚ የሚል (ኢኮኖሚ ውስጥ ማንም ገብቶ አያውቅም)። ሰብስክራይብ የሚያረገው እኮ እኛ አይደለንም፣ አንድ ቀን ልንሆነው ያሰብነው ሰውዬ ነው፣ በጠዋት ተነስቶ ውሀ ጠጥቶ ረጅም ጽሁፍ የሚያነበው። በማግስቱ ደግሞ በቀን መቶ ዜና የሚተፋ ድረገጽ ይጨመራል፣ በሶስት ወር አንዴ ምርጥ ወግ የምትጽፈዋ ልጅ ጎርፉ ውስጥ ሰጥማ ትቀራለች። ያልተነበበው ቁጥር ይወጣል። ጎግል ሪደር ከሺ ሲያልፍ መቁጠሩን ትቶ «1000+» ብሎ ይሸፍንልህ ነበር፣ አሁን አሁን ያሉት ግን አንዳንዶቹ አንድ በአንድ ይነግሩሃል። ያልተነበበ ጽሁፍ እንዳልተደረሰ ለቅሶ ነው፣ በቆየ ቁጥር መግቢያው ያሳፍራል።

መፍትሄው ታዲያ አንዲት ቁልፍ ናት፣ ማርክ ኦል አዝ ሪድ፣ ሁሉም እንደተነበበ ይቆጠር የምትል። አንዴ ንክት ስታደርጋት የወራት እዳ ድምጥማጡ ይጠፋል፣ አፑም «እሺ ምን ይላል እስቲ?» ብሎ አያፋጥጥህም። እሷን ነክቶ የሚነሳ ሰው ያለው ኩራት እኮ የምር ያነበበ ሰው ላይ የለም።

ያነበበማ ጠላት ነው የሚያፈራው። ሰሞኑን እዚህ ሰፈር ካፌ፦

«ስለ ቤት ኪራይ የጻፈውን አየኸው?»

«እንዴ፣ ሴቭ አርጌዋለሁ!»

«ከባድ ጽሁፍ ነው አይደል?»

«በጣም እንጂ። ሰውዬው ይችላል።»

አጠገባቸው ያለው ልጅ፣ ምስኪን ርእሱን አልፎ ገብቶ ኖሯል፣ «እሱ እኮ ርእሱ ነው እንጂ ውስጡ ስለ አያቱ ቤት ትዝታ ነው» ሲል ሁለቱም ዞረው አዩትና አንደኛው «አንተ ደግሞ ነገር ማክረር ትወዳለህ» አለው።

እኛ ቴሌግራም ነን ብላችሁ የምትስቁም ቀስ በሉ። ሰማንያ ቻናል ገብታችሁ ሰባ ዘጠኙ ሚውት ነው፣ ድምጽ የተፈቀደላት ብቸኛዋ የቅናሽ ጫማ የምትሸጠዋ ናት።

ሪደር ውስጥ ከሁሉ የሚገርሙኝ ግን የጠፉት ብሎጎች ናቸው። የሁሉም የመጨረሻ ጽሁፍ አንድ አይነት ነው፣ «ውድ አንባቢዎቼ ጠፍቼ ነበር ይቅርታ፣ ከእንግዲህ በየሳምንቱ እንገናኛለን»፣ ከዛ ዝም፣ ዓመታት። ማንም ግን አያጠፋቸውም፣ ሰው ሙሉ ፎልደር ዝምታ ተሸክሞ ስልክ ይቀይራል። አንዷ የግጥም ብሎግ ነበረች፣ ስንት ዘመን ድምጿ ጠፍቶ በቀደም ሪደሩ ላይ ስሟ ደመቅ ብሎ መጣ፣ አዲስ ጽሁፍ፣ አንድ! ገጣሚው ተመለሰ ብዬ ቡናዬን ትቼ ስከፍተው «ዛሬ ተመዝግበው የመጀመሪያ ውርርድዎን በነጻ ይጫወቱ» ይላል። ዶሜኑን (የብሎጉን አድራሻ) ሳያሳድሰው ቀርቶ ለካ የቁማር ሰዎች ገዝተውታል። ሰብስክሪፕሽኑን ላጠፋ ነበር፣ ተውኩት። እሱ ቢያንስ በየቀኑ ይጽፋል።