እናቶቻችንን «ቁጭ በይ» ባንላቸው

አምና ክረምት እማዬን ከደጃችን ሳትርቅ ጭቃው አንሸራተታት። የጅማን ክረምት የኖረበት ያውቀዋል። በእጇ ልትደገፍ ስትል አንጓዋ ተሰበረ። 65 ዓመቷ ነው። ሐኪሙ አጥንቷ እንደሳሳ ነገረን።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው እስካሁን ይቆጨኛል። መጥረጊያ ነጠቅናት። ገበያ ከለከልናት። ቡና ልታፈላ ብድግ ስትል «እማዬ፣ አንቺ ቁጭ በይ» እንላለን። ሐኪሙ ፊዚዮቴራፒ (በእንቅስቃሴ የሚሰጥ ሕክምና) ሲያዝላት እንኳ «መድኃኒቱ ይበቃታል» ብለን ተውነው። ጥቂት ወራት ቆይታ ከወንበር ለመነሳት ሰው መጥራት ጀመረች።

አጥንት ሕይወት አለው። አሮጌው እየፈረሰ በአዲስ ይተካል። ሸክም ሲያርፍበት ይጠነክራል፤ ሥራ ሲፈታ ይሳሳል። እስከ 30 ዓመት ገደማ ያጠራቀምነውን ነው በእርጅና የምንበላው። የወር አበባ ሲቆም ደግሞ ኤስትሮጂን የተባለው ሆርሞን ስለሚቀንስ የሴቶች አጥንት ቶሎ ይሳሳል። መሳሳቱ ራሱ አያምም። ብዙዎች የሚያውቁት አንጓቸው፣ ዳሌያቸው ወይም አከርካሪያቸው ሲሰበር ነው።

ዘግይተንም ቢሆን ወደ ፊዚዮቴራፒ ወሰድናት። ፊዚዮቴራፒስቷ ከፍ ካለ ወንበር እጅ ሳትደገፍ መነሳትና መቀመጥ አስጀመረቻት፤ 10 ጊዜ። ከዚያ ተረከዝ ማንሳት፣ ጠረጴዛ ይዞ በአንድ እግር መቆም። ይሄ ሚዛን ለመጠበቅ ነው፤ ካልወደቁ የመሰበር ዕድሉ ይቀንሳል። እየበረታች ስትሄድ ወንበሩ ዝቅ አለ። አሁን ከዚያች ከጅማ በርጩማችን ላይ ራሷ ትነሳለች። ቡናውንም ታፈላለች።

የከለከለቻት ነገርም አለ። «እናቴ፣ ከወገብዎ አይጎንበሱ፤ ጉልበትዎን አጠፍ ያድርጉ» አለቻት። ወደ ፊት ስንጎብጥ ክብደቱ የአከርካሪ አጥንቶች ፊት ለፊት ላይ ያርፋል፤ የሳሳ አጥንት እዚያው ሊጨፈለቅ ይችላል። አጭሩን መጥረጊያ በባለ ረጅም እጀታ ቀየርነው። ዕድሜዋን ሙሉ ጎንበስ ብላ ነበር የምትጠርገው!

መድኃኒቱን አላቋረጠችም። ወተቱም፣ ጎመኑም፣ ፀሐይ መሞቁም አለ። ወጌሻ ግን አይነካትም፤ የሳሳ አጥንት በጉልበት አይታሽም።

ጎረቤት «ምነው አሮጊቷን ታደክሟታላችሁ» ይለናል። እኛም እንደዚያ እናስብ ስለነበር አልፈርድም። እናታችሁ ጀሶዋ የተፈታላት ዕለት ግን ከሐኪሙ ክፍል ከመውጣታችሁ በፊት «ፊዚዮቴራፒ መቼ ትጀምር?» ብላችሁ ጠይቁ። እኛ ሳንጠይቅ ነው የወጣነው።